ሳይጠሩ የሚሄዱ፦ የጎንደር የሕዝብ ጤና ነርሶች ታሪክ

በሀገራችን የፈውስ ጥበብ ከጥንት ጀምሮ ተቀምጦ በሚጠባበቅ ሰው እጅ የነበረ ጥበብ ነው። ወጌሻው አጥንት እስኪሰበር፣ መድኃኒተኛው ሕመምተኛ እስኪመጣለት፣ የልምድ አዋላጂቱም ምጥ ጀምሮ መልእክተኛ እስኪላክባት ድረስ በየቤታቸው ይቆዩ ነበር፤ በቃሬዛ ተጭኖ ወደ ጸበል የሚወርደውም ደዌ የጸናበት ሰው እንጂ ጤነኛው አልነበረም። ከባሕር ማዶ የመጣው ዘመናዊ ሕክምና በመሣሪያውና በመድኃኒቱ ከዚህ እጅግ የተለየ ቢሆንም፣ በዚህ ጠባዩ ግን ከቀደመው አልራቀም፤ ሐኪሙም በሆስፒታሉ ተቀምጦ በሽተኛው እስኪመጣለት ይጠብቅ ነበርና። ይህን የቆየ ሥርዓት ገልብጦ፣ ገና ያልታመመውን ሰው በገዛ ቤቱ ሄዶ መጎብኘትን መደበኛ ተግባር አድርጎ ያቆመው የጎንደር የሕዝብ ጤና አጠባበቅ ኮሌጅ ነው፤ ከኮሌጁም ልጆች መካከል ይህን ተልእኮ በእግሯ እየተመላለሰች የፈጸመችው፣ የዘመኑ ታሪክ ሲነገር ግን ስሟ እምብዛም የማይነሣው፣ የሕዝብ ጤና ነርስ ናት። የእርሷን ሥራ ከነምክንያቱና ከነዘመኑ ለማውሳት ብዬ ይህን ጻፍሁ።

ይህን ስል ግን አባቶቻችንና እናቶቻችን ደዌን አስቀድሞ መከላከልን ፈጽሞ አያውቁም ነበር ማለቴ አይደለም። ጥሬ ሥጋ መብላትን የለመደው ሕዝብ በየሁለት ወሩ ገደማ የኮሶ አበባ ወቅጦና በጥብጦ እየጠጣ ሆዱን ያጸዳ ነበር፤ ይህም ከመኳንንቱ አዳራሽ እስከ ድኃው ጎጆ ድረስ የተጠበቀ ልማድ ነበረ። የደጋ ሰው ለንግድ ወይም ለእርሻ ወደ ቆላ ሲወርድ በቀን ጉዳዩን ፈጽሞ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ደጋው ለመመለስ ይቻኰል ነበር እንጂ በዚያ ማደርን አይደፍርም ነበር፤ ምክንያቱን ለክፉ አየርና ለቆላው መናፍስት ቢሰጠውም፣ ወባን የምታስተላልፈው ትንኝ በሌሊት የምትነድፍ ስለ ሆነች፣ ምክንያቱ ቢስት ልማዱ አልሳተም። ፈንጣጣ በገባበት ዘመንም ከታማሚው ቁስል ፈሳሽ ወስደው በጤነኛው ክንድ ላይ በጭረት የሚያገቡ ሰዎች እንደ ነበሩ፣ በ19ኛው መቶ ዓመት ሀገራችንን የጎበኙ የውጭ ሰዎች ጽፈዋል።

ከዚህም ሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ የኅዳር ሚካኤል ልማድ ነው። በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር፣ ዓለምን ሁሉ ያዳረሰው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አዲስ አበባ ገብቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 10,000 ያህል ሰው እንደ ፈጀ ይገመታል፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኰንን ራሳቸው በበሽታው ተይዘው ለጥቂት ነው የዳኑት። ቀባሪ ጠፍቶ፣ ቤቶች ከነቤተሰቡ ተዘግተው የቀሩበት ያ መከራ ካለፈ ወዲህ፣ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቤቱንና ግቢውን ጠርጎ ጥራጊውን በየደጃፉ ማቃጠል የሕዝብ ሥርዓት ሆኖ ኖረ፤ እስከ ዛሬም ኅዳር ሲታጠን ይባላል። አንድ ከተማ በሙሉ በአንድ ቀን ስለ ጤናው ብሎ ደጁን የሚጠርግበት እንዲህ ያለ ልማድ ያለው ሕዝብ፣ ስለ ጤና አጠባበቅ ቢነገረው አይሰማም ተብሎ ሊታማ አይገባውም ነበር። ጭሱ ለጤና ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል የሚለውን የዛሬ ሰው ቢከራከርበት መብቱ ነው፤ የመጥረጉን ትሩፋት ግን የሚክድ የለም።

ስለ ወባ ይነገር የነበረውም እንዲሁ ነው። ቀድሞ ንዳድ ይሉት የነበረውን ይህን ትኩሳት ገበሬው የሚያመጣው እሸት በቆሎ ነው ይል ነበር፤ የተማሩ ሰዎችም ይህን ሲሰሙ እንደ ተራ አለማወቅ ቆጥረው ያልፉት ነበር። ነገር ግን በ20ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና ከዚያም ወዲህ በሀገራችን የተደረገ ምርምር እንዳስረዳው፣ የወባ ትንኝ እጭ በቆመ ውኃ ውስጥ ሆኖ ከአጠገቡ የበቀለው በቆሎ የሚያራግፈውን ብናኝ ሲመገብ ፈጥኖና ወፍሮ ያድጋል፤ በምዕራብ ጎጃም በቡሬ አካባቢም በቆሎ በብዛት በሚዘራበት ስፍራ የወባው ብርታት የላቀ ሆኖ ተገኝቷል። ገበሬው በቆሎውና ንዳዱ አብረው እንደሚመጡ በዓይኑ አይቶ ነበር፤ ያላየው በመካከላቸው ያለችውን ትንኝ ብቻ ነው። ሕዝብን ለማስተማር የሚወጣ ሰው አስቀድሞ ማዳመጥ እንደሚገባው ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምስክር አላገኘሁም።

ዘመናዊው ሕክምና ወደ ኢትዮጵያ የገባው በከተማ በኩል ነው። ከዐድዋ ድል በኋላ የመጣው የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን፣ በዳግማዊ ምኒልክ ስም የቆመው ሆስፒታል፣ ከዚያም በኋላ በየስፍራው የሚሲዮን ማኅበራት የከፈቷቸው የሕክምና ቤቶች ለብዙ ሰው ነፍስ ደርሰዋል፤ ሆኖም ሁሉም የሚጠቅሙት ሰው ወደ እነርሱ ሊደርስ ሲችል ብቻ ነበር። ከጠላት ወረራ በኋላ መንግሥት ይህን ዘርፍ እንደገና ሲያደራጅ፣ የሕዝብ ጤና ጥበቃ ሥራ በ1940 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ሚኒስቴር ሆኖ ቆመ፤ ሐኪሞቹ ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም የውጭ ሀገር ሰዎች ነበሩ፤ ኢትዮጵያዊ ሐኪም የሚያስመርቅ ትምህርት ቤትም በሀገሪቱ አልነበረም። የአዲስ አበባው የሕክምና ፋኩልቲ እስኪከፈት ድረስ ገና ከ15 ዓመት በላይ መጠበቅ ያስፈልግ ነበር። ከሆስፒታሉ የብዙ ቀን መንገድ ርቆ የሚኖረው ገበሬ፣ ማለትም የሀገሪቱ ሕዝብ እጅግ የሚበዛው ክፍል፣ ሐኪም የሚባለውን ሰው በዓይኑ ሳያይ ተወልዶ ያረጅና ይሞት ነበር።

በዚህ ሁኔታ ላይ ሳለ ነው የደምቢያ መቅሠፍት የወረደው። ደምቢያ ከጣና ሐይቅ በስተ ሰሜን፣ ከጎንደር ከተማ ግርጌ የተዘረጋ ለጥ ያለ ሜዳ ነው፤ አፈሩ ጥቁር ዋልካ ስለ ሆነ ለጤፉም፣ ለሽምብራውም፣ ለኑጉም የተመቸ ነው፤ ነገር ግን ያው ዋልካ የክረምቱን ዝናምና ከመገጭ ወንዝ ሞልቶ የሚፈሰውን ውኃ ይዞ ስለሚያቆይ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ድረስ ሜዳው በየጐድጓዳው ኩሬ ይሆናል። በየዓመቱ ወባ የሚጎበኘው የበረሃ ሰው ሰውነቱ ከበሽታው ጋር ጥቂት ይለማመዳል፤ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 እና 1,900 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የሚኖረው የደምቢያ ሰው ግን ወባን የሚያየው በየጥቂት ዓመቱ ስለ ነበር ይህን መከላከያ አላገኘም። ስለዚህ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1953 ዝናሙና ሙቀቱ ለትንኟ በተመቸ ጊዜ ወረርሽኙ ሜዳውን ሁሉ አዳረሰው፤ 7,000 ያህል ሰውም ሞተ። ጊዜው የመኸር ጊዜ ስለ ነበር፣ ማጭድ የሚያነሣ ጉልበት በጠፋበት ቤት እህሉ በማሳው ላይ ቀረ፤ ከወባው የተረፈውን ቤተሰብም ረኃብ ተቀበለው።

ይህ እልቂት ለብዙ ጊዜ ሲታሰብ የነበረውን ነገር አስቸኰለው። ሐኪም እስኪበዛ መጠበቅ ከንቱ መሆኑ፣ ሐኪም ቢበዛም እንኳ ኩሬን የሚያደርቀው ሐኪም አለመሆኑ ግልጥ ሆነ። ስለዚህም በ1947 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት፣ በፖይንት ፎር ስም ይታወቅ የነበረው የአሜሪካ መንግሥት የቴክኒክ ርዳታ፣ የዓለም የጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ተባብረው የሕዝብ ጤና አጠባበቅ ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል በጎንደር ከፈቱ። ስፍራው ከዋና ከተማው ርቆ ከመከራው አጠገብ መመረጡ ታላቅ ማስተዋል ነበር፤ በአዲስ አበባ ቢሆን ኖሮ ተማሪው የሚያየው በሽተኛውን ነው፤ በጎንደር ግን በሽታው የሚፈልቅበትን መሬት ያየዋል።

የኮሌጁ ዐሳብ የቆመው በሦስት ሙያዎች ኅብረት ላይ ነው። ጤና መኮንኑ ሕክምናውንም አስተዳደሩንም የሚይዝ የጣቢያው አለቃ ነበር፤ ሳኒታሪያኑ ምንጭ የሚያጎለብት፣ መጸዳጃ የሚያስቈፍር፣ ገበያውንና ሥጋ ቤቱን የሚቈጣጠር ሰው ነበር፤ በተለምዶ ኮሚኒቲ ነርስ ይሏት የነበረችው የሕዝብ ጤና ነርስ ደግሞ እናቶችንና ሕፃናትን፣ ማዋለድንና የቤት ጉብኝትን በኃላፊነት ይዛለች። እነዚህ ሦስቱ በየበኩላቸው ተምረው በመጨረሻ በሥራ ላይ የሚገናኙ አልነበሩም፤ ገና በተማሪነታቸው አብረው ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ እየወጡ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር እያደሩ፣ አንዱ የሌላውን ሥራ እያየ ይሠለጥኑ ነበር። በደምቢያ የምትገኘው የቆላ ድባ ጤና ጣቢያ ለዚህ ሥልጠና ከዋሉት ቀዳማውያን ጣቢያዎች አንዷ ናት። በዕቅዱ መሠረት አንድ ጤና ጣቢያ 50,000 ያህል ሕዝብ እንዲጠብቅ የታሰበ ሲሆን፣ ሁለት የሕዝብ ጤና ነርሶችም ይመደቡለት ነበር። ሁለት ነርሶች ለ50,000 ሰው! በክረምት መኪና በማያልፍበት በዋልካው አገር፣ በበቅሎና በእግር፣ ይህን ያህል ሕዝብ ጎጆ ለጎጆ ማዳረስ ምን ማለት እንደ ሆነ አገሩን የረገጠ ሰው ያውቀዋል።

ነርስ የመሆን ሙያ ራሱ በዚያ ዘመን ገና አዲስ ነበር፤ የሰውን ቁስልና እዳሪ በእጅ መንካት የሎሌ ሥራ ተደርጎ በሚቈጠርበት ማኅበረሰብ ውስጥ፣ የጨዋ ቤተሰብ ልጁን ለዚህ ትምህርት መስጠት ይከብደው ነበር። ይህን ክብደት በማቅለል ረገድ የልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴን ያህል ውለታ የዋለ ሰው ያለ አይመስለኝም። ልዕልቲቱ በስደቱ ዘመን ከአባታቸው ጋር በእንግሊዝ ሀገር ሳሉ በለንደኑ የሕፃናት ሆስፒታል የነርስነትን ትምህርት ተምረው በሙያው ተመረቁ፤ ለንደን በአውሮፕላን ቦምብ ስትደበደብም በሥራቸው ጸንተው ቈዩ። ወደ ሀገራቸው ተመልሰው ባለቤታቸው ወደ ተሾሙበት ወደ ወለጋ ከወረዱ በኋላ ግን ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. በነቀምት፣ በእርግዝና ምክንያት በደረሰባቸው ሕመም፣ ገና በወጣትነታቸው ዐረፉ። በስማቸው የተሠራው መታሰቢያ ሆስፒታል በአዲስ አበባ ተከፍቶ በውስጡ የነርሶች ትምህርት ቤት ተቋቋመ። የንጉሠ ነገሥት ልጅ ሆነው የነርስ ልብስ መልበሳቸው ለሙያው ክብር ሰጠው፤ አሟሟታቸው ደግሞ፣ እርግዝናና ወሊድ በገጠር ባለጸጋና ድኃ ሳይለይ እንዴት ያለ የሞት በር እንደ ነበር ያስረዳል። የጎንደር ነርሶች የተላኩት ይህን በር ለመጠበቅ ነው።

ሴት መሆናቸው በአጋጣሚ የሆነ ነገር አልነበረም። ምጥ በተያዘበት ቤት ወንድ አይገባም፤ ባልየው እንኳ ከደጅ ሆኖ ይጨነቃል እንጂ፣ በውስጥ የጎረቤት ሴቶች ተሰብስበው ማርያምን እየጠሩ አዋላጂቱን ያግዛሉ። ጤና መኮንኑ የቱን ያህል ዐዋቂ ቢሆን፣ ከዚያ ደጃፍ ወዲያ ሊያልፍ አይችልም ነበር፤ ነርሷ ግን ታልፋለች። በሌላ በኩል ግን ገና ያልወለደች ወጣት ስለ መውለድ፣ ልጅ ያላሳደገች ስለ ማሳደግ ለባለ ሰባት ልጅ እናት ስታስተምር ቃሏ ሊከብድ እንደማይችል ማንም ይገምተዋል፤ ስለዚህም ከትምህርቱ አስቀድሞ ትሕትና ያስፈልጋት ነበር፤ አሮጊቷን እማማ ብላ፣ ቡናው እስኪፈላ ታግሣ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ አዝመራው ጠይቃ ነው ወደ ዋናው ነገር የምትደርሰው። እዚህ ላይ የሀገሪቱ ባህል ራሱ መንገድ ጠርጎ እንደ ጠበቃት ማስተዋል ይገባል፤ የንስሐ አባት መስቀሉንና ጸበሉን ይዞ በየጊዜው የንስሐ ልጆቹን ቤት ይጎበኛል፤ የታመመ ባይኖርም ይገባል፣ ቤቱን ይረጫል፣ ነገር ካለ ያስታርቃል፣ ይመክራል። ጤነኛውን ቤት ሳይጠራ የሚጎበኝ ሰው ለኢትዮጵያ ገበሬ እንግዳ አልነበረም፤ ነርሷ ቦርሳዋን ይዛ ስትመጣ የቆመችው ቀድሞ በተከፈተ ደጃፍ ላይ ነው።

በቦርሳዋ ውስጥ የነበረው ነገር ጥቂት ነው፤ ሳሙና፣ ንጹሕ ፋሻ፣ መቀስ፣ የእትብት ማሰሪያ ክር፣ የመጀመሪያ ርዳታ መድኃኒት። ሥራው ግን ሕፃኑ ከተወለደበት ሰዓት ይጀምራል። እትብቱ የሚቈረጠው በተገኘው ስለት፣ የሚቀባው በቅቤ ወይም ይልቁን በከፋ ነገር በሚሆንበት አገር፣ በሳምንቱ ገደማ መንጋጋው ተቈልፎ ጡት መያዝ አቅቶት የሚሞተው ሕፃን ብዙ ነበር፤ ሰውም ይህን ከዓይነ ጥላ ወይም ከቡዳ ይቈጥረው ነበር። ስለቱን በፈላ ውኃ መቀቀል፣ እጅን በሳሙና መታጠብ፣ እትብቱን ደረቅ አድርጎ መተው ዋጋው ምንም ያህል ነው፤ የሚያድነው ግን ነፍስ ነው። ቢጫ መልክ ያለው የመጀመሪያው ጡት፣ እንገር የሚሉት፣ እንደ ቈሻሻ ተቈጥሮ ይጣል ነበር፤ በምትኩ ሕፃኑ ቅቤ ይውጣል። ያ የተጣለው እንገር ሕፃኑን ከብዙ ደዌ የሚጋርድ እንደ ሆነ ማስረዳት፣ በዚያውም አያቲቱን ሳያሳዝኑ ቅቤውን ማስቀረት፣ ከመርፌ መውጋት የበለጠ ጥበብ የሚጠይቅ ሥራ ነበር።

የፀሐዩም ነገር እንዲሁ ነው። አራስ በጭስ በተሞላ ጎጆ ውስጥ ከሕፃኗ ጋር ተከልላ ትቀመጣለች፤ ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና እስኪነሣ፣ ከዚያም በኋላ ቢሆን፣ ምች እንዳይመታው፣ የሰው ዓይን እንዳያየው ተብሎ ልጁ ይሸፈናል። ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ በማይጠፋባት ሀገር ፀሐይ በማጣት አጥንታቸው ለስልሶ እግራቸው የሚጣመም፣ ደረታቸው የሚጠብ ሕፃናት መብዛታቸው የውጭ ሐኪሞችን እጅግ ያስገርም ነበር። ነርሷ ከሥርዓተ ቤተ ክርስቲያኑ ጋር መጣላት አያስፈልጋትም ነበር፤ የክርስትናው ቀን ሳይነካ፣ ሕፃኑን በጧት ፀሐይ በግቢው ውስጥ፣ ከዓይን በተከለለ ስፍራ ገላልጦ ማቆየት ይቻላልና። እናቶችም ይህን ምክር በቀላሉ ተቀበሉ፤ የሕፃናት ፀሐይ መሞቅ ዛሬ በከተማም በገጠርም ማንም ሳይነግረው የሚደረግ ተራ ነገር ሆኗል፤ ከየት እንደ መጣም የሚጠይቅ የለም። የዚህ ዓይነት ሥራ ዕጣ ይህ ነው፤ ሲሳካ ይረሳል፤ የዳነው ሰው ከምን እንደ ዳነ አያውቅም፤ ሐኪሙን ያመሰገነ ሕመምተኛ አለ፣ ያልታመመበትን ምክንያት ያመሰገነ ሰው ግን አላየሁም።

ኮሌጁ ከተከፈተ አራት ዓመት ሳይሞላው ሌላ ፈተና መጣ። ከ1950 ዓ.ም. ክረምት አንሥቶ ዝናሙ ከልክ ባለፈበት፣ አየሩም ከተለመደው በሞቀበት ወራት፣ ወባ ቀድሞ ባልደረሰበት ደጋ ሳይቀር ወጣ፤ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባለው አገር ሁሉ ተስፋፋ። በጥቂት ወራት ውስጥ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 ያህሉ እንደ ሞተ ተገምቷል። የደምቢያ ጥፋት የአንድ ሜዳ ጥፋት ነበር፤ ይህ ግን የሀገር ጥፋት ሆነ። የጎንደር ኮሌጅ ሰዎችም ክኒን ይዘው ወደ ተጠቁት መንደሮች ተሰማሩ። በማግስቱ ዓመት የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ፤ ዲዲቲ የሚረጩት ሰዎች ፓምፓቸውን በጀርባቸው አዝለው ገጠሩን ያዳርሱ ጀመር። የወባው ሥራ ለብቻው ድርጅት መሰጠቱ በጊዜው አስፈላጊ ነበር፤ በእኔ ግምት ግን አንድ ጉዳት አስከተለ፤ ቤቱን የሚረጨው ሰው ስለ እናቲቱ አይጠይቅም፣ ስለ እናቲቱ የምትጠይቀውም ነርስ ስለ ትንኙ ሥልጣን አይኖራትም፤ የጎንደር ዐሳብ ደግሞ ከመጀመሪያው የቆመው ይህን መለያየት ለማስቀረት ነበር።

ስለ ፈንጣጣ መጥፋት ብዙ ስለ ተጻፈ በአጭሩ አልፈዋለሁ። በ1963 ዓ.ም. ዘመቻው በተጀመረ ጊዜ ኢትዮጵያ ከዓለም ሁሉ በፈንጣጣ የከፋች ነበረች፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1971 ብቻ 26,329 በሽተኛ ተመዝግቧል፤ ይህም በዚያው ዓመት በዓለም ከተመዘገበው ግማሽ ያህሉ ነው። ሳኒታሪያኖች፣ ጤና መኮንኖችና የውጭ በጎ ፈቃደኞች ባለ ሁለት ጫፏን መርፌ ይዘው ተራራና በረሃ አቋረጡ፤ በአንዳንድ ስፍራ፣ ይልቁንም በጎጃም፣ ቀድሞ የነበረው የባህል ክትባት ሥር ስለ ሰደደ አዲሱን ክትባት ለመቀበል ሕዝቡ ብዙ ጊዜ አመነታ። የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ በነሐሴ 1968 ዓ.ም. በባሌ ክፍለ ሀገር በዘላኖች መካከል ተገኘ። በደጋው ገበሬ ዘንድ ክትባት እንዲለመድ፣ እናትም ልጇን ለመርፌ እንድታቀርብ ቀድሞ ያለማመዱት እነማን እንደ ሆኑ ቢጠየቅ፣ የጤና ጣቢያዎቹ ነርሶች ከዚህ ድል ድርሻ ይገባቸዋል ብዬ አምናለሁ።

ኮሌጁ በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አካል ሆኖ ነበር፤ ከአብዮቱ በኋላ ግን ጠባዩ ተለወጠ። በካዛኪስታን በአልማ አታ ከተማ የዓለም መንግሥታት ተሰብስበው፣ ጤና ከመንደር መጀመር አለበት፣ ሕዝቡ ራሱ በጤናው ሥራ ተካፋይ ሊሆን ይገባል የሚለውን ታላቅ መግለጫ ያወጡት፣ የ1971 ዓ.ም. እንቍጣጣሽ በዋለ ማግስት ነበር። ጎንደር ይህን ከ20 ዓመት በላይ ሲሠራበት ኖሮ ነበር። ሆኖም በዚያው ጊዜ ገደማ ኮሌጁ ከምሥራቅ ጀርመኑ የላይፕሲግ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ስምምነት ወደ ሕክምና ፋኩልቲነት ተዛወረ፤ የጤና መኮንኖችም ትምህርት ተቋረጠ። ሐኪም ማስመረቅ ለሀገሪቱ ታላቅ ጥቅም እንደ ሆነ አልክድም፤ ብዙ ሰው የዳነው በእነዚያ ሐኪሞች እጅ ነው። ነገር ግን ሁለቱን አብሮ ማስኬድ በተቻለ ነበር፤ ዓለም የእኛን መንገድ ባጸደቀበት ሰዓት እኛ መንገዱን መተዋችን እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። የጤና መኮንኖች ሥልጠና በጅማ፣ በጎንደርና በሌሎችም ስፍራዎች እንደገና እስኪቀጥል ብዙ ዓመት አለፈ።

ነርሷ ትሠራው የነበረው ሥራ በሌላ መልክ የተመለሰው ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ነው። 10ኛ ክፍል ያጠናቀቁ ወጣት ሴቶች አንድ ዓመት ሠልጥነው፣ ለእያንዳንዱ የገጠር ቀበሌ ሁለት ሁለት ሆነው፣ 5,000 ያህል ሕዝብ በሚያገለግል ጤና ኬላ ተመደቡ፤ 16 ዓይነት የጤና አጠባበቅ ተግባራትም ተሰጧቸው፤ ቍጥራቸውም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ30,000 አለፈ። ቀድሞ ለ50,000 ሰው ሁለት የነበሩት አሁን ለ5,000 ሁለት ሆኑ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990 በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 5 ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት 205 ያህል ነበሩ፤ በ2012 ወደ 68 መውረዳቸውን የተባበሩት መንግሥታት ግምት አሳይቷል፤ ለዚህ ብዙ ምክንያት ቢኖርም፣ እነዚህ ሴቶች በየጎጆው ያደረጉት ጕብኝት ከዋናዎቹ አንዱ መሆኑን የሚጠራጠር የለም። አንድ ልዩነት ግን አለ፤ የጎንደሯ ነርስ ማዋለድን አጥብቃ የተማረች ስለ ነበረች በምጡ ሰዓት ራሷ ትቀመጥ ነበር፤ የኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ዋና ተግባር እናቲቱን አሳምና ወደ ጤና ጣቢያ መላክ ነው። ጤና ጣቢያው ቅርብና መንገዱ ደኅና በሆነበት ይህ የተሻለ ነው፤ ክረምት ወንዙን በሞላበት ሌሊት ግን የቀድሞዋ ነርስ እጅ ይናፈቃል።

ከጎንደር የወጡት ጤና መኮንኖች ብዙዎቹ ኋላ ከፍተኛ ሐኪሞች፣ የዩኒቨርሲቲ መምህራንና የመንግሥት ባለሥልጣኖች ሆነዋል፤ ስለዚህ የኮሌጁ ታሪክ ሲነገር በእነርሱ ስም ይነገራል፤ ይገባቸዋልም። ነርሶቹ ግን አብዛኞቹ በየጣቢያው አገልግለው፣ አግብተውና ወልደው፣ ጡረታ ወጥተው በየሰፈሩ ሲስተር እየተባሉ አረጁ። ሥራቸው የተጻፈው በየጤና ጣቢያው መዝገብ ውስጥ ነው፤ የጎበኙት ቤት፣ የመዘኑት ሕፃን፣ ያዋለዷት እናት በየዕለቱ በእጃቸው ሰፍሯል፤ ከእነዚህ መዛግብት የተረፉትን ሰብስቦ፣ በሕይወት ያሉትንም ጠይቆ ታሪካቸውን መጻፍ ከዚያው ኮሌጅ ላደገው ለጎንደር ዩኒቨርሲቲ መምህራን የቀረበ ሥራ ነው። ዩኒቨርሲቲው ከመሥራቾቹ አንድ ነገር ጠብቆ አቆይቷልና፤ በየዓመቱ የሕክምና፣ የጤና መኮንንነት፣ የነርስነት፣ የአዋላጅነትና የአካባቢ ጤና ተማሪዎች በቡድን ተደራጅተው፣ የቡድን ሥልጠና በሚባለው ሥርዓት፣ በቀድሞው ሰሜን ጎንደር ወደሚገኙት የገጠር ጤና ጣቢያዎች ይወጣሉ፤ በዚያም አብረው እያደሩ ቤት ለቤት እየዞሩ የመንደሩን ጤና ያጠናሉ፤ ቆላ ድባም ተማሪዎች ከሚላኩባቸው ስፍራዎች አንዷ ሆና ኖራለች።